ብርሃንን መጠበቅ

ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል የሚከበርበት ዕለት መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን ቤተ ሰብ የለም። ጌታችን በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት፤ ልብሱም እንደ ብርሃን ነጭ የሆነበት መታሰቢያ ነውና፤ ሕፃናቱ ችቦ አብርተው፤ ጅራፍ አጩኸው፤ ሙልሙል ተቀብለው የሚያከብሩት ይህንኑ ብርሃን ነው። ዳሩ ግን ይህ ዕለት በዓለም ዙሪያ ደግሞ የፎቶግራፍ ቀን ተብሎ እንደሚታሰብ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 19 ቀን 1839 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የሳይንስና የሥነ ጥበብ አካዳሚዎች በአንድነት ተሰብስበው የሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ አሠራር ለሕዝብ የተገለጠበት ቀን ስለ ሆነ ነው። ኦገስት 19 በዛሬው ዘመን አቆጣጠር ነሐሴ 13 ላይ ይውላል። ሁለቱን መታሰቢያዎች ያገናኛቸው የቀን መቁጠሪያ መገጣጠም ብቻ ነው፤ አንዱ የመለኮት ምሥጢር፤ ሁለተኛው የሰው እጅ ጥበብ ነውና እኩል አይቆሙም። ሆኖም በሙያው ለሚተዳደር ክርስቲያን ይህ መገጣጠም ስለ ሥራው እንዲያስብ ምክንያት ይሆነዋል፤ ስለዚህ በዚህ ወር ዐምዳችን ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት እንነጋገራለን።

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ካሜራ የሚለውም በላቲን ቋንቋ ክፍል ወይም እልፍኝ ማለት ነው። የነገሩን ሥር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም፤ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ በጨለመ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ፤ በግድግዳው ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ሽንቁር ፀሓይ ስትገባ ቢመለከት፤ በውጭ ያለው ዛፍና የሚያልፈው ሰው በማዶው ግድግዳ ላይ ተገልብጠው ሲታዩ ያገኛቸዋል። ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የጐደላቸው የታየውን ምስል ይዞ የሚያስቀርበት ዘዴ ነበረ። ዳጌርና የእርሱ ዘመን ሰዎች ያገኙት ይህንኑ የማስቀረቱን ዘዴ ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ ብርሃንን አይሠራም፤ የተሰጠውን ብርሃን ይጠብቃል፤ ይመጥናል፤ ይቀበላል። የሙያው ትምህርት ሁሉ ከዚህ አንድ ቃል ይመነጫል።

የዚህ ዐምድ ጸሓፊ ቀጣሪ ሳይኖረው በግሉ ፎቶግራፍ እያነሣ የሚኖር፤ ሥራውም ከሆለታ ጀምሮ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ እስከ አምቦና እስከ ጉደር ባለው ጎዳና ላይ የሚውል ሰው ነው። ዛሬ ሠርግ፤ ነገ ክርስትና፤ ከነገ ወዲያ የደን ወይም የውኃ ሥዕል ይታዘዛል። ሥራው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ስፍራ የየራሱን ትምህርት ይሰጣል።

መጀመሪያ ስለ ጭልሞ ደን እንናገር። ይህ ደን በምዕራብ ሸዋ በደንዲ ወረዳ ከጊንጪ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኝ፤ በደጋማ ስፍራ የበቀለ የተፈጥሮ ደን ነው። ጥድ፤ ዝግባ፤ ወይራና ጥቁር እንጨት በአንድነት ይኖሩበታል፤ የአዋሽ ወንዝም ከሚነሣባቸው ደጋዎች መካከል ይቆጠራል። በዱሮ ዘመን ይህ ደን ከዛሬው እጅግ ሰፊ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ግን የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ደኑን እየጠበቀ ከጥቅሙም እንዲካፈል የሚያደርገው አሠራር በሀገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ደኖች አንዱ ይኸው ጭልሞ ነው።

ወደ ደን የሚገባ አዲስ ፎቶግራፍ አንሺ በመጀመሪያው ቀን የሚያጋጥመው ችግር የጨለማው አይደለም፤ የብርሃኑ መቈራረጥ ነው። ቀትር ላይ ፀሓይዋ በቅጠሎቹ መካከል ሾልካ ስትወርድ፤ በምድሩ ላይ እንደ ተበተነ ነጭ ሣንቲም ታበራለች፤ በዙሪያው ያለው ግን ጥላ ነው። የሰው ዐይን ይህንን ያስማማል፤ ከብሩሁ ወደ ጥላው ሲሻገር ወዲያው ራሱን ያስተካክላል። መሣሪያው ግን በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የብርሃን መጠን የተወሰነ ስለ ሆነ፤ ጥላውን ለማሳየት ሲሞክር ብሩሁ ይቃጠላል፤ ብሩሁን ለማዳን ሲሞክር ጥላው ከሰል ይሆናል። መድኃኒቱ መሣሪያ መለወጥ አይደለም፤ ሰዓት መለወጥ ነው። ፀሓይ ከዛፎቹ ጫፍ ከመውጣቷ በፊት ወይም ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ጊዜ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚመጣ፤ የዝግባው ግንድ ከነሽበቱ፤ የወይራው ቅርፊት ከነስንጥቁ ይታያል። ሰው ሁሉ የሚያማርርበት የነሐሴ ጉም ለደን ፎቶግራፍ ከሁሉ የተሻለ ብርሃን ነው። ይህ ብርሃን ለስላሳ ስለ ሆነ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት አለበት፤ መዝጊያው ሲረዝም ደግሞ የሰው እጅ መንቀጥቀጡ በሥዕሉ ላይ ይታያልና፤ መሣሪያውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ወይም ከግንድ ጋር ማስደገፍ ይገባል።

በጭልሞ ከሚኖሩት እንስሳት መካከል ፎቶግራፍ አንሺን ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው ጉሬዛ ነው። ጉሬዛ ሰውነቱ ጥቁር ሲሆን፤ ከትከሻው እስከ ጎኑ የሚወርድ ነጭ ጠጉርና ነጭ ጅራት አለው፤ ነጭ ነጠላ እንደ ደረበ መነኩሴ በዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጧት ፀሓይ ይሞቃል። ቀድሞ ቆዳው ለጋሻ ጌጥ ይፈለግ ስለ ነበረ ብዙ ታድኗል። ፈተናው ምንድር ነው ቢሉ፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ አመድማ ነው ብሎ ስለሚገምት ነው። ጥቁር ሲያይ ያነጣዋል፤ ነጭ ሲያይ ያጠቁረዋል። ጉሬዛውን በመለኪያው ፈቃድ ብቻ የሚያነሣ ሰው ወይ ጥቁሩ አመድ ይሆንበታል፤ ወይ ነጩ ጠጉር መልኩን ያጣበታል። ስለዚህ ነጩን ተመልክቶ፤ በነጩ ላይ የጠጉሩ ዘለላ እስኪለይ ድረስ ብርሃኑን መወሰን፤ ጥቁሩንም ጥቁር ሆኖ እንዲቀር መተው ይገባል። ጥቁር ነገር ጥቁር ሆኖ ቢታይ ጉድለት አይደለም፤ እውነት ነው።

ይህ የጉሬዛው ትምህርት በሠርግ ቤት ተመልሶ ይመጣል። የሀገራችን ሰው ፊቱ ጠይም ወይም ጥቁር፤ የበዓል ልብሱ ግን እንደ ወተት ነጭ ነው። ሙሽራይቱ በነጭ ቀሚስ፤ እናቲቱ በነጠላ፤ አያቲቱ በኩታ ተሸፍነው በቀትር ፀሓይ ሲቆሙ፤ መለኪያው በነጩ ልብስ ብዛት ይታለልና ፊታቸውን ያጨልመዋል። በዚህ ላይ ሌላ የታሪክ ነገር አለ። በኮዳክ ኩባንያ የተሠሩት የቀለም ፊልሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የቀለማቸው ልክ የሚመረመረው ሸርሊ ተብላ በምትጠራ የነጭ ሴት ሥዕል ነበረ፤ ማጠቢያ ቤቶቹም ያንን ሥዕል ከፊታቸው አስቀምጠው ቀለሙን ያስተካክሉ ነበር። ስለዚህ የጥቁር ሕዝብ ፊት በአያሌ አሮጌ የቀለም ፎቶግራፎች ላይ ያለ ቅርጽ ጨልሞ ቢታይ፤ ነገሩ የፊታችን ጠባይ ሳይሆን የመለኪያው ማነስ ነበረ። ልዩ ልዩ የቆዳ መልክ ያላቸው ሰዎች በመመርመሪያው ሥዕል ውስጥ የገቡት በኋላ ዘመን ነው። ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ሥዕል አይተው «ለምን እንዲህ ጨለሙ?» ብለው ሲጠይቁ ይህን ልንነግራቸው ይገባል።

የደጋው ቀትር ፀሓይ ከአናት በላይ ስለምትቆም የዐይን ጕድጓድና የአፍንጫ ሥር ጥላ ይይዛል። የፀሓይዋ ብርታት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ያረጀ ደንብ አለ፤ ጥርት ባለ ፀሓይ የመግቢያው ቀዳዳ በ16 ቁጥር ላይ ከሆነ፤ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ወይም ከመሣሪያው የትብነት ቁጥር ጋር ማስተካከል ነው፤ ቁጥሩ 100 ቢሆን መዝጊያው የሰከንድ መቶኛ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ደንብ መለኪያ በተበላሸ ጊዜ ያድናል። ፊትን ለማሳመር ግን ሰውየውን ከፀሓይ አውጥቶ ከታዛ በታች ወይም ከዛፍ ጥላ ዳር፤ ፊቱን ወደ ብሩሁ ሜዳ አዙሮ ማቆም ይበልጣል። ጥላ ከሌለም ከዘመድ ሁለቱ አንድ ነጭ ጋቢ ከሙሽሮቹ በታች ዘርግተው ቢይዙ፤ ፀሓይዋ በጋቢው ላይ አርፋ ወደ ፊታቸው ትመለሳለች፤ የዐይናቸው ጥላም ይጠፋል። ከውጭ ሀገር በብዙ ብር የሚመጣው አንጸባራቂ ጨርቅ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ጋቢው ግን በየቤቱ አለ።

በገጠር የቆዩ ሽማግሌዎች ፎቶግራፍ ሲነሡ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፤ ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው፤ ሁለቱንም ዐይናቸውን ወደ መሣሪያው አቅንተው ዝም ይላሉ። አንዳንድ ወጣቶች ይህንን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረው «አባባ፤ ይሣቁ እንጂ!» እያሉ ያስጨንቋቸዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሳሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፤ በአንድ ዐይን እንደሚሳሉ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ፊት ለፊት መቀመጡ መደንገጥ አይደለም፤ የሚሸሽገው ነገር እንደሌለ ማስታወቁ ነው። ይህንን የተረዳ ፎቶግራፍ አንሺ ሣቅን አይለምንም፤ ክብርን ይጠብቃል።

ከሰው ወደ ውኃ ስንመለስ፤ በጉደር ፏፏቴ ዘንድ መዝጊያው ለአጭር ጊዜ ቢከፈት ጠብታው በአየር ላይ እንደ ዶቃ ቆሞ ይታያል፤ ለሰከንድ ያህል ቢከፈት ደግሞ ውኃው እንደ ተነደፈ ጥጥ ይለሰልሳል። ከሁለቱ የትኛው እውነት ነው? ሁለቱም ዐይናችን ለብቻው ሊያያቸው የማይችል እውነቶች ናቸው። በክረምት ውኃው በደለል ቀልቶ ሲወርድ ግን ጥጥ የሚያስመስለው አሠራር ነገሩን ይሸፍናል፤ በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ፈጣኑ መዝጊያ ነው፤ የሚወርደው የገበሬው አፈር ነውና በግልጥ መታየት አለበት። በወንጪ ሐይቅ ደግሞ በደሴቱ ላይ ወደሚገኘው የቂርቆስ ገዳም በታንኳ የሚሻገር ሰው፤ ውኃው ሰማዩን እንደ መስተዋት ስለሚያንጸባርቅ ከበታቹ ያለው ጥልቀት አይታየውም፤ ነጸብራቅን የሚቀንሰው ማጣሪያ በሌንሱ ፊት ሲዞር ግን መስተዋቱ ይከፈትና አረንጓዴው ጥልቀት ይገለጣል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የሚገባ ሁሉ መሣሪያውን ከቦርሳው ሳያወጣ ጥቂት ሰዓት ያቆየው፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ ይይዘዋል፤ ላቡም በክረምት ሻጋታ ያበቅላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ይኸውም ምን መነሣት፤ ምንስ መተው እንደሚገባ ነው። በቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ቀሳውስቱን እየገፉ፤ በመቅደሱ መጋረጃ ፊት መብራት እያፈነዱ የሚሯሯጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ምእመናን ሲያማርሩ እንሰማለን፤ ማማረራቸውም ተገቢ ነው። በደብረ ታቦር ጴጥሮስ ያየውን ክብር ለማቆየት ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ እንደ ለመነ ወንጌል ይነግረናል። ያማረውን ነገር በአለበት ለማስቀረት የሚመኝ ልብ የፎቶግራፍ አንሺ ልብ ነው፤ ስለዚህ የጴጥሮስ ምኞት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ዳሱ አልተሠራም፤ ከተራራው ሲወርዱም ጌታ ያዩትን እስከ ትንሣኤው ድረስ ለማንም እንዳይነግሩ አዘዛቸው። ታቦቱ በጥምቀት ከመንበሩ ሲወጣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ ነው፤ ሕዝቡም መጎናጸፊያውን አይቶ ይሰግዳል እንጂ ገልጦ ለማየት አይጠይቅም። የተቀደሰ ነገር ሁሉ ለመታየት የተሰጠ አይደለም። እንግዲህ ፈቃድ ከአስተዳዳሪው መጠየቅ፤ ስፍራን ለይቶ በአንድ ቦታ መቆም፤ የመብራት ፍንዳታን መተው፤ ቅዱስ ቍርባን በሚቀርብበት ሰዓት መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ እንደ ማንኛውም ምእመን መቆም የሙያው ሥርዐት ሊሆን ይገባል።

ፎቶግራፍ ለቤተ ክርስቲያን ጠላት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ይልቁንም በትክክል በተያዘ ጊዜ ታላቅ ባለውለታ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፓትርያርክ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ሥራ ተጀመረ፤ በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት የሥራው ተባባሪ ሆነ። በየአድባራቱና በየገዳማቱ የነበሩ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ገጽ በገጽ ተነሡ። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከቀሩ በኋላ፤ በሚኒሶታ ተቀምጠው ይህንኑ ፊልም እያነበቡ ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ኖረው በ2021 ዐረፉ። ብራናው ቢቃጠል፤ ቢሰረቅ ወይም በምስጥ ቢበላ፤ በፊልም ላይ ያለው ቃል አለ። ፎቶግራፍ አንሺው ስሙ በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፤ ገጽ ገልጦ፤ መብራቱን ከሁለት ጎን እኩል አድርጎ፤ መሣሪያውን ከላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ማንሣት ብቻ ነበር ሥራው። እጅግ አሰልቺ የሆነው ፎቶግራፍ እጅግ ጠቃሚው ሆኖ ተገኘ።

ተራው የመልክዐ ምድር ሥዕልም እንዲሁ ምስክር ሊሆን ይችላል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች በመንገዳቸው ላይ ያሉትን ተራሮችና ሸለቆዎች አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ስፍራዎች ፈልገው፤ በዚያው ነጥብ ላይ ቆመው እንደገና ቢያነሡ፤ በብዙዎቹ ስፍራዎች ዛፉ ከቀድሞው በዝቶ አገኙት። ሰው ሁሉ «የዱሮው ሁሉ ደን ነበር» ሲል፤ ፎቶግራፉ ነገሩ እንዲያ ብቻ እንዳልሆነ፤ የጠፋ መሬትም በሰው ጥረት እንደሚመለስ መሰከረ። የጭልሞንም ጫፍ በየዓመቱ በአንድ ወር፤ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ማንሣት ለልጆቻችን የሚተርፍ ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጥድም እንዲሁ በየዓመቱ ቢነሣ፤ መትረፉንም መቈረጡንም ሥዕሉ ይናገራል።

ነገር ግን በዚያው የመቅደላ ዘመቻ ዘመን የተነሡ ሌሎች ሥዕሎች የኢትዮጵያውያንን ልብ ያቈስላሉ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አባቱ በመቅደላ፤ እናቱ ደግሞ በመንገድ ሞተውበት፤ በሰባት ዓመት ዕድሜው ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል በዘመኗ የታወቀች ፎቶግራፍ አንሺ አነሣችው። በዚያ ዘመን አሠራር አንድ ሥዕል ለማንሣት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ሥዕሎቹ ዛሬም ይታያሉ፤ የብርሃኑ አያያዝ በባለሙያ ዐይን የሚደነቅ ነው። ሆኖም የሕፃኑን ዐይኖች የተመለከተ ሰው ስለ ብርሃኑ መናገር ያቅተዋል። ወላጆቹን ያጣ ሕፃን በባዕድ ሀገር «አትነቃነቅ» ተብሎ ተቀምጧል። በ18 ዓመቱ በዚያው በእንግሊዝ ሀገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ይህ ሥዕል ለእኛ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፤ ጥበብ ብቻውን ምሕረት እንዳልሆነ፤ ሁለተኛ፤ ያ ሥዕል ባይነሣ ኖሮ የልጁን ኀዘን ዛሬ የሚመሰክርለት እንደማይኖር። ስለዚህ በጊንጪ ገበያም ሆነ በሌላ ስፍራ ሕፃንን፤ ችግረኛን ወይም ሕመምተኛን የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ በአፉ መፍቻ ቋንቋ ሰላምታ ይስጠው፤ ፈቃዱን ይጠይቀው፤ ያነሣውንም ያሳየው። የልጁ እናት ሥዕሉን አይታ የምታፍርበት ከሆነ ሥዕሉ ቢያምርም አይጠቅምም።

በሙያው ከሚመጡት ትእዛዞች መካከል እጅግ የሚከብደው የሞተን ሰው ፎቶግራፍ ማስፋት ነው። በሀገራችን ልማድ የሟቹ ሥዕል ተሰፍቶ በለቅሶው ድንኳን ይሰቀላል፤ ከአስከሬኑም ፊት ይያዛል። አንዲት ሴት አባቷ በዐረፈ በማግሥቱ ሥዕሉን እንዳሰፋላት ይዛ መጣች፤ ያመጣችው የቀበሌ መታወቂያውን ነበር። ሰባ ዓመት ከኖረው ሰው የቀረው ሥዕል ያ ብቻ ነበር፤ አውራ ጣት የምታህል፤ የቀበሌው ክብ ማኅተም ግማሹ በትከሻው ላይ ያረፈበት። ማኅተሙ እንዲጠፋ፤ ፊቱም እንዲጠራ ፈለገች፤ ቀጥላም ገበሬው አባቷ ኮትና ከረባት ለብሶ እንዲታይ ለመነች። በዛሬው ዘመን ይህንን ማድረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መሣሪያው በራሱ አስቦ አዲስ ፊት እስከ መፍጠር ደርሷል። ማኅተሙን ማንሣት ከመስተዋት ላይ ጉድፍ እንደ መጥረግ ነው፤ ያላለበሰውን ኮት ማልበስ ግን ሌላ ሰው መፍጠር ይሆናል። «እናንተ ልጆቹ የምታውቁት በምን ልብስ ነው?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «በጋቢ» አለች። ሥዕሉም በጋቢው ተሠራ። በድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ አይተው በስሙ እየጠሩ አለቀሱ፤ ኮት ለብሶ ቢሆን ማንን እንደሚያለቅሱ ለማወቅ ይቸገሩ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ የተነገረ ነው። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ በአንድ ቀን ብዙ ሥዕል እናነሣለን፤ ነገር ግን ስልኩ ሲሰበር፤ ሲጠፋ ወይም ሲሸጥ ሥዕሉ ሁሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ደግሞም የምናነሣው ምግቡን፤ መኪናውንና ራሳችንን ነው፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ያለችውን አያታችንን ማንሣት እንረሳለን። እንግዲህ በዚህ ክረምት፤ በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ሁሉ ወደ ቤት በተሰበሰቡ ጊዜ፤ አራት ነገር ብታደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፤ የቤቱን ታላላቆች ጧት በበሩ ደጃፍ፤ ከታዛው በታች አስቀምጣችሁ፤ በለመዱት ልብስና በለመዱት አቀማመጥ ፊት ለፊት አንሡአቸው። ሁለተኛ፤ ከብዙው መካከል ጥቂቱን መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ፤ ወረቀት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ሦስተኛ፤ በጀርባው ላይ የሰውየውን ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፤ የክርስትና ስሙን፤ ስፍራውንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ ስም የሌለው ሥዕል ከሁለት ትውልድ በኋላ የእንግዳ ሰው ሥዕል ይሆናልና። አራተኛ፤ በሣጥን ያሉትን አሮጌ ፎቶግራፎች ከመስኮት አጠገብ፤ ፀሓይ በቀጥታ በማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፤ ያለ ፍላሽ፤ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡና ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ አስቀምጡ። ብራናዎቻችንን ያዳነው አሠራር ይኸው ነው፤ የአያታችሁንም ፊት ያድናል።

ማታ ችቦው ሲበራም ፍላሹን አጥፉት። የፍላሽ ብርሃን የችቦውን ብርሃን ይገድለዋል፤ ልጁንም በጨለማ ውስጥ የተያዘ ሌባ ያስመስለዋል። መሣሪያውን በአጥር ላይ አስደግፉ፤ ብርሃኑን ከነበልባሉ ሳይሆን ከልጁ ፊት ላይ መጥኑ፤ ጭፈራው ለአንድ አፍታ ጋብ እስኪል ጠብቁ። እሳቱ ራሱ የልጁን ጉንጭ በወርቅ ይቀባዋል። ጥቂት ካነሣችሁ በኋላ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ከልጆቹ ጋር አብራችሁ ቁሙ፤ ያልተነሣውን ልባችሁ ይያዘው። እግዚአብሔር አምላካችን ብርሃነ ገጹን ያሳየን፤ በየቤታችሁ ያሉትን ታላላቆች በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን። ለዛሬው ይቆየን።